በጤና ሙያ ለመሠልጠን ለምታስቡ የአቀስታ ልጆች

«ጤና ጣቢያ ውስጥ ለመሥራት ምን ልማር?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። የድሮው ጤና ረዳትና ድሬሰር ዛሬ የለም፤ ቦታውን ነርሲንግ፣ ሚድዋይፈሪ፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲና ጤና ኤክስቴንሽን ይዘውታል። ደሴ ላይ የመንግሥት የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ።

እባካችሁ ጤና ኤክስቴንሽንን አትናቁት። በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመልምለው አንድ ዓመት ይሠለጥኑ ነበር፤ በኋላ ሥልጠናው ወደ ደረጃ 4 አደገ። ሠራተኞቹ ሁለት ሆነው 5000 ያህል ሰው የሚገለገልበትን ጤና ኬላ ይይዛሉ። ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የእርጉዝ ክትትል የእነሱ ነው። በብርዳማው የለጋምቦ ደጋ የሚያስል ሕፃን ሲመጣ ሠራተኛዋ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር አለባት፤ ከ2 ወር እስከ ዓመት ላልሞላው 50 ከደረሰ የሳንባ ምች ምልክት ነው። ይህን በጊዜ ማወቅ ሕይወት ያድናል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ሙያ የለም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ለግል ኮሌጅ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ለምትማሩት ሙያ ፈቃድ እንዳለው አጣሩ። ዲፕሎማው ብቻውን አያስቀጥርም፤ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ማለፍ ግድ ነው። ስለ ዘንድሮው የመግቢያ መስፈርት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ደላላ አትመኑ።