ለውድድር የተቀየረ የስፖርት መኪና በጁባ ጉዴሌ የዕለት መጓጓዣ ሊሆን ይችላል?

ከጁባ መሃል ከተማ ወደ ምዕራብ የሚወስደው አስፋልት ከደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ሰፋፊ የመኖሪያ ሰፈሮች አንዱ ወደሆነው ጉዴሌ ያደርሳል። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ግን አስፋልቱ ያበቃል። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃና ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ይቀበላል።

በዚህ መንገድ ላይ የሚበዙት ቦዳ ቦዳ የሚባሉት ሞተር ሳይክሎች፣ ከጃፓን አገልግለው የመጡ አነስተኛ ቶዮታዎችና ከፍ ያሉ ላንድክሩዘሮች ናቸው። ከመሬት እንዲጠጋ ተደርጎ የተስተካከለ፣ ሞተሩ የተጠናከረ፣ ማርሚታው የሚያጓራ የስፖርት መኪና በእንዲህ ያለ ሰፈር ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት ሊመላለስ ይችላል?

መልሱ መኪናው ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ በመጠየቅ አይገኝም። የሚገኘው ማሻሻያው ለየትኛው መንገድ፣ ለየትኛው አየርና ለየትኛው ነዳጅ ተብሎ እንደተሠራ በመጠየቅ ነው።

መኪኖቹ ከየት ይመጣሉ?

የምሥራቅ አፍሪካ ወጣቶች የሚመኟቸው የስፖርት መኪኖች በአብዛኛው በ1990ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ቶዮታ ሱፕራ፣ ኒሳን ስካይላይን፣ ሱባሩ ኢምፕሬዛ እና ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። በአውሮፓውያኑ 2001 ለእይታ የበቃው 'ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ' የተሰኘው ፊልም ሱፕራን በዓለም ዙሪያ ዝነኛ አድርጎታል።

በወቅቱ የጃፓን አምራቾች ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው መኪና ላለመሸጥ በመካከላቸው ስምምነት ነበራቸው። ሞተሮቹ ግን ከዚያ የበለጠ ኃይል የመሸከም አቅም ነበራቸው። በዚህም ምክንያት የሱፕራው ባለ 3 ሊትር፣ ባለ ሁለት ተርቦ ሞተር ለማሻሻያ ምቹ ሆኖ ተገኘ።

ወደብ የሌላት ደቡብ ሱዳን ብዙዎቹን መኪኖች የምታገኘው ከኬንያው ሞምባሳ ወደብ ተነስቶ በኡጋንዳ በኩል በሚያልፈው መስመር ነው። ድንበር ላይ ካለችው ኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በ2012 በአስፋልት ተሠርቶ ተጠናቋል። ከጁባ አስፋልት ወጥቶ ወደ ሰፈር የሚገባ አሽከርካሪ ግን ሌላ መንገድ ይጠብቀዋል።

መሪው በቀኝ፣ መንገዱም በቀኝ

ኬንያና ኡጋንዳ በግራ መስመር ይነዳሉ። ደቡብ ሱዳን ግን እንደ ኢትዮጵያና ሱዳን በቀኝ መስመር ትነዳለች። ሱዳን ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረችው ደቡቡ የእሷ አካል በነበረበት ወቅት፣ በ1973 ነበር።

ለጃፓን መንገድ የተሠራ መኪና መሪው በስተቀኝ ነው። በጁባ መንገድ ላይ አሽከርካሪው የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ይሆናል ማለት ነው። ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ከተቃራኒ የሚመጣውን ለማየት መኪናውን ከሞላ ጎደል ወደ ሌላው መስመር ማውጣት ይኖርበታል። ፈጣን መኪና ደግሞ አሽከርካሪውን ቶሎ ቶሎ እንዲቀድም ይገፋፋዋል።

ብዙም የማይስተዋለው ሌላው ችግር የፊት መብራት ነው። በግራ ለሚነዱ አገራት የተሠራ መብራት ዝቅ ሲደረግ ብርሃኑን ይበልጥ የሚያነሳው ወደ ግራ ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር ይህ ብርሃን የሚያርፈው ከፊት ለፊት በሚመጣው አሽከርካሪ ዓይን ላይ ነው።

ዝቅ ማለት የሚያስከፍለው ዋጋ

መኪናን ወደ መሬት ማስጠጋት ምክንያት አለው። የክብደት ማዕከሉ ሲወርድ መኪናው በመታጠፊያ ላይ የሚኖረው መረጋጋት ይጨምራል። ለስላሳ የውድድር ሜዳ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ላንድክሩዘሮች ከመሬት ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ሲሉ፣ በጣም ዝቅ የተደረገ የስፖርት መኪና 10 ሴንቲ ሜትር እንኳ ላይኖረው ይችላል። በጉዴሌ የውስጥ መንገዶች ላይ ከዝናብ በኋላ ደርቆ የሚቀር የጎማ ቦይ ለሞተሩ የዘይት መያዣ አደገኛ ነው። ዘይቱ ከፈሰሰና አሽከርካሪው ሳያውቅ ከቀጠለ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ከጥቅም ውጪ ሊሆን ይችላል።

ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥርም ብዙ ይናገራል። '205/65 R15' የሚለው ጎማ ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከቸርኬው እስከ መሬት ያለው የጎማው ግድግዳ የዚህ ስፋት 65 በመቶ፣ ማለትም 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። '225/35 R19' የሆነው የስፖርት ጎማ ግን ግድግዳው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጉድጓድ ሲገባ የሚደርስበትን ምት የሚያበርድለት አየርና ጎማ ስላነሰ ቸርኬው ይጣመማል፣ ወይም ይሰነጠቃል።

ሙቀት፣ አቧራና ነዳጅ

ጁባ ከባሕር ጠለል በላይ 550 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ከ37 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መድረሱ የተለመደ ነው።

ተርቦ አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ የጋለው አየር የሚቀዘቅዘውም ከውጭ በሚነፍሰው አየር ነው። የውጭው አየር ራሱ ሲሞቅና መኪናው በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ነፋስ ሲያጣ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይዳከማል። ራዲያተሩም በዚያው ልክ ጫና ይበዛበታል።

አቧራው ሌላ ፈተና ነው። ብዙ አሻሽዪዎች ፋብሪካው የሠራውን የአየር ማጣሪያ ሳጥን አውጥተው ክፍት የሆነ፣ ሾጣጣ ማጣሪያ ይገጥማሉ። ድምፁ ያምራል። ነገር ግን በደንብ ካልተከለለ ከሞተሩ ክፍል የጋለ አየር ይስባል፤ በአቧራማ ሰፈርም ቶሎ ይደፈናል። ጥራቱ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ ደቃቅ አቧራ ወደ ሞተሩ አሳልፎ ፒስተንና ቀለበቶቹን ይፍቃል።

ከሁሉም በላይ ወሳኙ ነዳጅ ነው። ደቡብ ሱዳን ድፍድፍ ዘይት ወደ ውጭ የምትልክ አገር ብትሆንም፣ ተሽከርካሪዎቿ የሚጠቀሙበትን ቤንዚን በአብዛኛው በቦቴ ከጎረቤት አገራት ታስገባለች። እጥረት ሲፈጠር በጁባ ጎዳናዎች ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ማየት አዲስ አይደለም። ንጽሕናውን ግን ገዢው ማረጋገጥ አይችልም።

የጃፓን ከፍተኛ ደረጃ ቤንዚን የኦክቴን መጠኑ 100 ገደማ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ለእንዲህ ዓይነት ነዳጅ ተስተካክሎ ዝቅተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ሲሞላበት፣ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስ የቀረው የነዳጅና የአየር ድብልቅ በራሱ ይፈነዳል። ይህ የመንኳኳት ድምፅ ያለው ፍንዳታ ሲደጋገም ፒስተን ይበሳል። የሞተሩን ኃይል ቀንሶ ለአካባቢው ነዳጅ ማስተካከል ለዕለት መኪና ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የአዲስ አበባው ዲኤክስ

ማሻሻልና የዕለት አገልግሎት አብረው መኖር እንደሚችሉ ለማየት ወደ አዲስ አበባ መመልከት በቂ ነው። 'ዲኤክስ' እየተባለ የሚጠራው፣ ከ1979 ጀምሮ የተመረተው የቶዮታ ኮሮላ ትውልድ ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላም በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ ይታያል። ወጣቶች ቸርኬውን ይቀይሩታል፣ ቀለሙን ያድሱታል፣ ዝቅ ያደርጉታል፣ ማርሚታውን ይለውጡታል።

ዲኤክስ የስፖርት መኪና አይደለም። ነገር ግን የኋላ ጎማውን የሚነዳ፣ አሠራሩ ቀላል፣ ሜካኒኩ ሁሉ የሚያውቀው መኪና ነው። መለዋወጫ ሲያስፈልግም ሶማሌ ተራ አለ። በአንጻሩ ጁባ ውስጥ የሱፕራ ፍሪሲዮን የተቃጠለበት ሰው ምናልባት መለዋወጫውን ከካምፓላ ወይም ከናይሮቢ ማስመጣት ይኖርበታል። እስከዚያው መኪናው ይቆማል።

ከፍታም ልዩነት ያመጣል። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ካርቡሬተር ጁባ ሲወርድ የነዳጁ መጠን ያንሰዋል። አንድ ማሻሻያ ለሁለቱም ከተሞች እኩል አይሠራም።

አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት የሚፈለግበት ምክንያትም እየበዛ ነው። ኢትዮጵያ በ2020 ባወጣችው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ ከፍ ያደረገች ሲሆን፣ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። ኬንያ ከ8 ዓመት፣ ኡጋንዳ ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ መኪኖች ወደ አገራቸው እንዳይገቡ ገድበዋል።

ሳፋሪ ራሊ ምን አስተማረ?

የአካባቢው መንገድ ፈጣን መኪናን ጨርሶ አይቀበልም ማለትም አይደለም። በ1953 የተጀመረውና ዛሬ በኬንያ የሚካሄደው ሳፋሪ ራሊ ለዚህ ምስክር ነው። ስኮትላንዳዊው ኮሊን ማክሬ በ1997 ይህን ውድድር ያሸነፈው በሱባሩ ኢምፕሬዛ ነበር።

ሆኖም ለሳፋሪ የሚዘጋጁት መኪኖች ከሌሎቹ ውድድሮች ይለዩ ነበር። ከፍ ይደረጋሉ፣ አሞርዛተራቸው ይጠናከራል፣ ከሥራቸው መከላከያ ብረት ይገጠምላቸዋል፣ ውሃ ለመሻገር የአየር መሳቢያ ቱቦቸው እስከ ጣሪያ ይወጣል። የዓለም ምርጥ መሐንዲሶች እዚህ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያሰናዱት መኪናው መንገዱን እንዲችል ነበር።

ምን ይቅደም?

የተሻሻለ የስፖርት መኪናን በጉዴሌም ሆነ በመሰል ሰፈር በየቀኑ መንዳት ለሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ፍሬንና ጎማ፣ ቀጥሎ ከፍታና አሞርዛተር፣ ከዚያ ራዲያተርና የአየር ማጣሪያ፣ ከዚያም የነዳጅ ማስተካከያ፤ የኃይል ጭማሪ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በብዙ ጋራዦች የሚታየው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ኃይሉ ይጨመራል፣ ፍሬኑ ግን ፋብሪካው እንደገጠመው ይቀራል።

ጉዳቱ ደግሞ በባለቤቱ ኪስ ብቻ አይወሰንም። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በአራት እጥፍ ያድጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው።

በጉዴሌ መንገድ ዳር የሚሄዱት ተማሪዎች፣ ውሃና ሸቀጥ የጫኑት፣ በቦዳ ቦዳ የተሳፈሩት ሁሉ በእነዚህ ወገን ናቸው። ስለዚህ መኪናውን ለዕለት መጓጓዣ የሚያዘጋጅ ባለቤት ሞተሩን ከማጠናከሩ በፊት በጊዜ የሚቆም ፍሬን ሊገጥምለት ይገባል።