ሦስት ጊዜ ተቀድዶ ሦስት ጊዜ የተመለሰው እብጠት

«አንቺ ልጅ፣ አልወለድሽ፣ አላጠባሽ፤ ጡትሽ ከየት አምጥቶ ነው መግል የሚቋጥረው?»

እማዬ ይህን ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። እኔም የጡት መግል የአራስ በሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከጡቴ ጫፍ አጠገብ ሽምብራ በምታህል እብጠት ነው። በአራተኛው ቀን ሎሚ አከለች፤ ቀላች፣ ጋለች፣ ትኩሳት ለቀቀችብኝ። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ቀደዱት፣ መግሉን አወጡት፣ ቁስሉ ውስጥ ጎዝ ጠቅጥቀው አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። ተገላገልኩ ስል ሁለት ወር ሳይሞላ እዚያው ቦታ ተመለሰ። ደግሞ ተቀደደ፤ ደግሞ ተመለሰ። ከሦስተኛው በኋላ አልደርቅ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ቀረች። በየቀኑ እዥ ስለምታወጣ ልብሴ ላይ እንዳይታይ ጥቁር ሹራብ ብቻ መልበስ ጀመርኩ።

ማታ ማታ «ካንሰር ይሆን?» እያልኩ ስልኬን ስጎረጉር አነጋለሁ። ቲክቶክ ደግሞ «ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ ለጥፊበት» ይለኛል።

በመጨረሻ ሪፈር ተጽፎልኝ መንግሥት ሆስፒታል ሄድኩ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ መርምራኝ ስታበቃ «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» አለችኝ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች።

«ኧረ በፍጹም!» አልኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ብቻዬን ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ በፈተና ሰሞን ጀምሬ አልተውኩም። አልተቆጣችኝም። ወረቀት አወጣችና ሳለችልኝ።

ከጡት ጫፍ ስር ያሉት የወተት ቧንቧዎች የውስጥ ሽፋን አንዳንዴ ይለወጥና ቆዳ መሰል ይሆናል። ከሱ የሚረግፈው ነገር ቧንቧውን ይደፍናል። ከኋላ የተጠራቀመው ይቆጣል፣ ባክቴሪያ ይገባበታል፣ መግል ይሆናል። በተለይ ከሚያጨሱ ሰዎች ጋር በጣም የተያያዘ ነው። አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1951 ጽፈውበታል፤ ከእነሱ በአንዱ ስም የዙስካ በሽታ ይባላል። ሲቀደድ መግሉ ይወጣል እንጂ የተበላሸው ቧንቧ እዚያው ነው። ለዚህ ነው የሚመለሰው።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ የዋጋ ንረትን ምክንያቱን ሳይነኩ በተመን ብቻ እንደማፈን ነው። ደግሞም እያንዳንዱ መቅደድ ለብቻው ርካሽ ነበር። የሦስቱን ክፍያ፣ መድኃኒቱን፣ የየቀኑን ፋሻና ታክሲ፣ ሳልሠራ ያለፉትን ቀናት ስደምር ግን ከዋናው ቀዶ ሕክምና በለጠብኝ።

መጀመሪያ ቁጣው እንዲበርድ ተደረገ፤ የቀረው መግል በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ተሳበ። ናሙና ተወስዶ ካንሰርም ቲቢም አለመሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያ በሙሉ ማደንዘዣ የታመመው ቧንቧ ከነቀዳዳው ተቆርጦ ወጣ። ሐኪሟ አልደበቀችኝም፤ የጡት ጫፍ ሊደነዝዝ ወይም ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ በዚያ ጡት ማጥባትም ሊከብድ ይችላል፣ ካጨስኩ ደግሞ ሊመለስ ይችላል። ገና አልወለድኩምና የማጥባቱ ነገር አስለቀሰኝ። ቢሆንም ፈረምኩ።

ግን ሁሉም የጡት ቁጣ በቢላዋ አይታከምም። የምታጠባ እናት መግል ብትቋጥር ብዙ ጊዜ በመርፌ መሳብና አንቲባዮቲክ ይበቃታል፤ ማጥባቷንም ማቆም የለባትም። ከወለዱ ጥቂት ዓመታት በሆናቸው ወጣት ሴቶች ላይ የሚታይ ግራኑሎማተስ ማስታይተስ የሚባል ደግሞ አለ። በምርመራ ምስል ካንሰር ይመስላል፤ ደጋግሞ መቅደድ የማይድን ቁስል ሊያመጣ ስለሚችል ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ይያዛል። የጡት ቲቢ በቲቢ መድኃኒት ይታከማል። አንቲባዮቲክ ተወስዶ ያልበረደ መቅላትና እብጠት ደግሞ የግድ ናሙና ይፈልጋል፤ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ካንሰር አለና። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ከተመለሰብሽ «ቅደዱልኝ» ከማለትሽ በፊት «ምክንያቱ ምንድን ነው? ናሙና ይወሰድልኝ?» ብለሽ ጠይቂ።

ከቀዶ ሕክምናው ስምንት ወር ሆነኝ፤ አልተመለሰም። ሲጋራውንም ትቻለሁ፤ ከቢላዋው የከበደኝ እሱ ነበር።

ለእማዬ የነገርኳት ፋሻው የተፈታ ቀን ነው። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?» አለችኝና ቡናዋን ቀዳችልኝ።