ከሻደይ እንግዳ ብር ሰቆጣ የሚቀረው ስንቱ ነው?

ለግሪክ ደሴቶች የነሐሴ ጥርት ያለ ሰማይ ሸቀጥ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ይዞ ወደ ሮድስ ወይም ወደ ቀርጤስ የሚበረው የሰሜን አውሮፓ ቤተሰብ ፀሐይ ሊገዛ ነው የሚሄደው ማለት ይቻላል። ለዋግ ኽምራ ገበሬ ግን ነሐሴ ላይ ሰማይ ጠራ ማለት ዝናብ ቀረ ማለት ነው። በመሆኑም ሰቆጣ በዚህ ወር ለቤተሰብ እንግዳ የምታቀርበው ፀሐይ ሳይሆን በዓል ነው።

በዓሉ ሻደይ ነው። የፍልሰታ ጾም ከሚፈታበት ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ እስከ 21 ልጃገረዶች ለምለም ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ይጫወታሉ። በላሊበላ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ወቅቱ የትምህርት ዕረፍት በመሆኑ በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ተወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ለመግባት ይመቻቸዋል። ከከተማዋ ብዙም የማይርቀውን ከአለት የተፈለፈለ የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ያሳዩአቸዋል።

የኢኮኖሚው ቁም ነገር ያለው ወቅቱ ላይ ነው። ነሐሴ የከረመው እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት ወር ነው። ገበሬው በግና ፍየል ሸጦ እህል ይገዛል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲገዛ የእህል ዋጋ ይወጣል። ጾም ፈቺው እንግዳ ገበያ ሲገባ ግን የፍየሉ ዋጋ ቀና ይላል። ስለዚህ በነሐሴ የገባ ብር በኅዳር ከሚገባው የበለጠ ሥራ ይሠራል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል በዚህችው ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን መባሉን ልብ ይሏል።

ይሁንና የመጣ ብር ሁሉ አይቀርም። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተሰብ ከሚያወጣው 100 ብር 40ው ለትራንስፖርት ይሄዳል እንበል። ከቀሪው 60 ብር 25ቱ ለጠርሙስ ቢራና ለለስላሳ ቢውል፣ መጠጡ ከሌላ ከተማ ተጭኖ የመጣ ነውና የሰቆጣው ነጋዴ እጅ የሚቀረው ትርፉ ብቻ ነው። 5 ብር ቢያተርፍ፣ በከተማዋና በገጠሩ የቀረው በጠቅላላው 40 ብር ይሆናል። ያው 25 ብር ለጠላ፣ ለጠጅና ለበግ ቢወጣ ግን አብዛኛው እዚያው ይዞራል።

ሌላም ያልተቆጠረ ሒሳብ አለ። ተወላጁ የሚያርፈው ሆቴል ሳይሆን ዘመድ ቤት ነው። ዘመድ ደግሞ ለእንግዳው ከበረቱ በግ ይጥላል። እንግዳው በለጋስነት ካልካሰ፣ በዓሉ በችግር ወር የአስተናጋጁን ጥሪት በልቶ ይሄዳል ማለት ነው።

ስመ ጥሩው የሰቆጣ ነጭ ማርም ከበዓሉ ጋር ይተላለፋል። ዋናው ቆረጣ የሚደርሰው ክረምቱ አልፎ አበባው ከፈነዳ በኋላ ነው። የቸገረው ገበሬ ማሩን ያኔውኑ ይሸጣል፤ ነሐሴ ላይ በተሻለ ዋጋ የሚሸጠው ማቆየት የቻለ ነጋዴ ወይም ማኅበር ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ገበያው የሚቆመው በሰላም ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣ ድረስ ዘልቋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ድርቅ ዋግን መታ፤ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ያልመጣ እንግዳ እንደ ማር በጋን አይቀመጥም፤ የስድስት ቀን ገበያ ካመለጠ ዓመት ይጠብቃል።

መንገዱ ቀንቶት ለሻደይ የሚገባ አንባቢ እንግዲህ ሒሳቡ ቀላል ነው። በጉን ከዘመድ በረት ሳይሆን ከገበያ ይግዛ፤ ጉሮሮውንም በጠላ ያርስ።