ገጹ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም? ስለ ብራውዘር፣ ስለ ስክሪፕትና ስለ ደህንነት የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

መዝገበ ቃላት፣ የጤና መረጃ ወይም የአየር ሁኔታ ትንበያ የያዘ ድረ ገጽ ሲከፈት ብራውዘሩ ከሰርቨሩ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነገር ያወርዳል፦ ጽሑፉን የያዘውን ኤችቲኤምኤል፣ መልኩን የሚወስነውን ሲኤስኤስ እና ገጹን የሚያንቀሳቅሰውን ጃቫስክሪፕት። ሦስተኛው ከሌሎቹ ይለያል፤ ፕሮግራም ነው። ማንም ሳይጭነውና ፈቃድ ሳይጠይቅ ገጹ እንደተከፈተ ሥራውን ይጀምራል። ይህ ፕሮግራም የሚችለውና የማይችለው ተለይቶ ስለማይታወቅ አንዱ ተጠቃሚ ከሚገባው በላይ ይፈራል፣ ሌላው ደግሞ መፍራት ባለበት ቦታ ይዘናጋል።

«ጃቫስክሪፕት ቫይረስ ስለሆነ መዘጋት አለበት።»

ጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የመጀመሪያውን ቅርጽ በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 በ10 ቀናት ውስጥ አወጣው። በስም ጃቫን ቢመስልም ሁለቱ የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው፤ ከዓመታት በፊት ይሰጥ የነበረው «ጃቫን ከብራውዘር አጥፉ» የሚል ምክር ጃቫስክሪፕትን አይመለከትም። የፍለጋ ሳጥን ገና ሁለት ፊደል ሲጻፍበት ቃላት የሚደረድረው፣ ካርታ በጣት ሲጎተት የሚያንሸራትተው፣ ቅጽ በስህተት ሲሞላ በቀይ የሚያስጠነቅቀው ይኸው ቋንቋ ነው።

ብራውዘር ይህን ፕሮግራም ልቅ አያደርገውም። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ ወይም ሳፋሪ የገጽን ስክሪፕት የሚያሠሩት በታጠረ ቦታ ነው። ስክሪፕቱ ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ በስልኩ ያሉትን ፎቶዎች መቅዳት፣ የኮምፒውተሩን ፋይሎች እንዳሻው መክፈት ወይም በሌላ ታብ የተከፈተ የባንክ ገጽ ማንበብ አይችልም። የመጨረሻው ክልከላ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ከአንድ አድራሻ የመጣ ስክሪፕት የሌላ አድራሻን ገጽ ይዘት አያነብም። ካሜራ፣ ማይክሮፎንና ተጠቃሚው ያለበት ቦታም ያለ ግልጽ ፈቃድ አይከፈቱም።

ይህ ሲባል ግን ስክሪፕት አይጎዳም ማለት አይደለም። ከባድ ጉዳት ያደረሰው ብዙ ጊዜ የሚታመን ገጽ ውስጥ የገባ ባዕድ ስክሪፕት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የብሪቲሽ ኤርዌይስን ድረ ገጽ ያጠቁት ወንጀለኞች የጨመሩት 22 መስመር ጃቫስክሪፕት ነበር። መንገደኛው የካርድ ቁጥሩን ሞልቶ ክፍያውን ሲያጸድቅ፣ ያ አጭር ኮድ የሞላውን ሁሉ ቅጂ ወደ ሌላ ሰርቨር ይልክ ነበር። አድራሻው ትክክለኛው የአየር መንገዱ አድራሻ ስለነበር መንገደኛው የሚጠራጠርበት ምክንያት አልነበረውም። የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ኩባንያውን 20 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ድረ ገጾች ከአንድ ቦታ ይወስዱት የነበረው ፖሊፊል የተባለ ስክሪፕት የሚገኝበት አድራሻ ወደ ሌላ ባለቤት ተዛወረ፤ ብዙም ሳይቆይ ስክሪፕቱ አንዳንድ የሞባይል ጎብኚዎችን ወደ ማጭበርበሪያ ገጾች መውሰድ ጀመረ።

በብሪቲሽ ኤርዌይስ ገጽ ላይ የተሰረቀው ሰዎች በቅጹ ላይ የጻፉት ነገር ነው። ተጠቃሚው ለማንበብ ብቻ በከፈተውና ምንም ባልጻፈበት ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ስክሪፕት የሚዘርፈው የካርድ ቁጥር የለም። ስለዚህ ጃቫስክሪፕትን ከነጭራሹ መዝጋት ለአብዛኛው ሰው የሚያዋጣ አይደለም፤ ካርታው ይጠፋል፣ ቅጹ አልላክ ይላል፣ አንዳንዱ ገጽም ባዶ ሆኖ ይቀራል። ማንነትን ለመሰወር የተሠራው ቶር ብራውዘር እንኳ መጀመሪያ ሲጫን ጃቫስክሪፕትን አይዘጋም፤ መዝጋት የሚፈልግ ሰው የጥበቃውን ደረጃ ራሱ ከፍ ያደርጋል። ጥርጣሬ ያሳደረ አንድ ገጽ ሲኖር ደግሞ በክሮም ሴቲንግ ውስጥ ለዚያ አድራሻ ብቻ ጃቫስክሪፕትን መከልከል ይቻላል።

«የጓጉንቸር ምልክት ካለ ገጹ የታመነ ነው።»

ይህን እምነት ለዓመታት ያስፋፉት ራሳቸው ባለሙያዎች ስለሆኑ ለመንቀል ያስቸግራል። ምልክቱ የሚናገረው በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል የሚመላለሰው መረጃ መመስጠሩን ነው። የካፌው ዋይፋይ ባለቤት እንበል፣ የትኛው ድረ ገጽ እንደተጎበኘ ብዙ ጊዜ ማወቅ ቢችልም የተነበበውን ወይም የተጻፈውን አያይም። በዚያኛው ጫፍ የተቀመጠው ሰው ሐቀኛ ይሁን ሌባ ግን ምልክቱ የሚነግረን ነገር የለም። ለምስጠራው የሚያስፈልገውን ሰርተፍኬት ሌትስ ኢንክሪፕትን የመሰሉ ድርጅቶች በነፃ ይሰጣሉ፤ አጭበርባሪም በደቂቃዎች ውስጥ ያወጣዋል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2023 በኮምፒውተር ክሮም ላይ ጓጉንቸሩን አንስቶ በሌላ ምልክት የተካው ሰዎች «የታመነ» ብለው እየተረጎሙት ስላስቸገረ ነው።

መታየት ያለበት አድራሻው ነው። ባለቤቱን ለማወቅ ደግሞ ከ«https://» በኋላ ከሚመጣው የመጀመሪያ ሰያፍ መስመር በፊት ያለውን ክፍል ከመጨረሻው ወደ ኋላ ማንበብ ይገባል። «ባንካችን.ሽልማት.ኮም» የሚል አድራሻ የባንኩ ሳይሆን «ሽልማት.ኮም»ን ያስመዘገበው ሰው ንብረት ነው፤ ፊተኛውን ቃል ባለቤቱ እንዳሻው ይጽፈዋል።

ለኢትዮጵያውያን ተጠቃሚዎች የሚቀርብ አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ሰርተፍኬት የሚጸናበት መነሻና መድረሻ ቀን አለው፤ ብራውዘሩም ቀኑን ከስልኩ ሰዓት ጋር ያመሳክራል። የስልኩ ቀን በእጅ ሲሞላ የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ከገባበት ስልኩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሰርተፍኬቶቹም ገና ያልተሰጡ ይመስሉታል። ያን ጊዜ ደህና የነበሩ ድረ ገጾች በሙሉ የማስጠንቀቂያ ገጽ እያሳዩ አልከፈት ይላሉ። መፍትሔው ቀንና ሰዓቱ ከኔትወርክ በራሱ እንዲሞላ ማድረግ ነው። ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ ግን ማለፍ አይገባም።

በዳታ ቆጣቢነቱ የሚወደደው ኦፔራ ሚኒም እዚህ ላይ ይነሳል። በከፍተኛው የቁጠባ ደረጃ ገጹ ወደ ስልኩ የሚመጣው መጀመሪያ በኦፔራ ሰርቨር ላይ ተከፍቶና ተጨምቆ ስለሆነ ምስጠራው ከጫፍ እስከ ጫፍ አይዘልቅም። ለዜናና ለንባብ ጥሩ ነው፤ ለባንክ ግን ሌላ ብራውዘር ይመረጣል።

«ኢንኮግኒቶ ውስጥ ማንም አያየኝም።»

ኢንኮግኒቶ የሚባለው የብራውዘሩ የግል መስኮት የሚሰውረው ከዚያው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ብቻ ነው፤ መስኮቱ ሲዘጋ የጉብኝት ታሪኩና ኩኪዎቹ ይጠፋሉ። የኢንተርኔት አቅራቢው፣ የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክና የተጎበኘው ድረ ገጽ የሚያዩት እንደ ወትሮው ነው። በአሜሪካ ተጠቃሚዎች በዚሁ ጉዳይ ጎግልን እ.ኤ.አ. በ2020 ከሰው ነበር፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 በቀረበው የስምምነት ሰነድ በኢንኮግኒቶ የተሰበሰቡ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የመረጃ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቷል። በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ከሚጫኑት ቁልፎች እያንዳንዱን የሚመዘግብ ፕሮግራም ካለም ኢንኮግኒቶ አያስቆመውም። በዚያ ኮምፒውተር ማንበብ ምንም አይደለም፣ የይለፍ ቃል ማስገባት ግን አይመከርም።

«ኩኪ ቫይረስ ነው።»

ኩኪ ድረ ገጹ በብራውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጠው አጭር ጽሑፍ ነው፤ ፕሮግራም ስላልሆነ በራሱ አይሠራም። ቅሬታ የሚያስነሳው በማስታወቂያ ድርጅቶች የሚቀመጠውና ሰውን ከገጽ ወደ ገጽ የሚከታተለው የሦስተኛ ወገን ኩኪ ነው። ሳፋሪ ይህን ዓይነቱን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ራሱ ያግደዋል፤ በክሮም ግን ተጠቃሚው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማገድ አለበት። እንዲታገድ ማድረጉ የሚያሳጣው ነገር እምብዛም የለም።

«ዝም ብሎ መፍቀድ ምን ያመጣል?»

አጥሩን ከውጭ መስበር ከባድ ስለሆነ አጭበርባሪዎች ባለቤቱ በሩን ከውስጥ እንዲከፍት ይለምኑታል። ገጹ ይከፈታል፤ መሃሉ ላይ የሮቦት ሥዕል ይታያል፤ ከሥሩ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከላይ ብቅ ያለው የብራውዘሩ ጥያቄ ግን ስለ ሮቦት አያነሳም፤ ይህ ድረ ገጽ ማሳወቂያ ይላክ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። «ፍቀድ» ከተባለ ገጹ ከተዘጋ በኋላም «ስልክዎ 5 ቫይረስ ተገኝቶበታል» ዓይነት መልእክት ሲጎርፍ ይውላል። ሰውየው ቫይረስ የገባበት ይመስለዋል፤ ያለው ግን በሴቲንግ የማሳወቂያ ዝርዝር ውስጥ አንድ የተፈቀደ አድራሻ ነው። እርሱን ከዝርዝሩ ማጥፋት ይበቃል።

የባሰም አለ። በኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና «አር»ን አንድ ላይ፣ ቀጥሎ ኮንትሮልና «ቪ»ን፣ በመጨረሻም ኢንተርን እንዲጫኑ የሚያዝዝ «ማረጋገጫ» ከገጹ በድብቅ የተቀዳ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲሠራ የሚያደርግ ወጥመድ ነው። ትእዛዙ የሚሠራው ከብራውዘሩ አጥር ውጭ ስለሆነ አጥሩ አያግደውም። የትኛውም እውነተኛ ማረጋገጫ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።

ኤክስቴንሽን፣ ማለትም በብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ በበዛ ቁጥር ጥበቃው ይጠነክራል የሚለውም እንዲሁ ስህተት ነው። «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለዎትን መረጃ ማንበብና መቀየር» የሚል ፈቃድ የተሰጠው ኤክስቴንሽን ማንኛውም የገጽ ስክሪፕት የማያገኘውን ሥልጣን ይይዛል። የማያገለግለውን ማራገፍ ተገቢ ነው።

ከሴቲንጎች ሁሉ የሚቀድመው አፕዴት ነው። የአጥሩ ቀዳዳዎች የሚደፈኑት በእርሱ ስለሆነ ለዓመታት ያልታደሰ ብራውዘር ላይ ከላይ ስለ አጥሩ የተባለው ሁሉ አይጸናም። አፕዴት የሚገኘው ከብራውዘሩ ከራሱ ምናሌ፣ በስልክ ደግሞ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ነው፤ የሳፋሪ ግን ከመሣሪያው ከራሱ የሲስተም አፕዴት ጋር ይመጣል። በሚነበብ ገጽ መሃል ብቅ ብሎ «ብራውዘርዎ አርጅቷል፣ ይህን ፋይል ያውርዱ» የሚል ማስታወቂያ ሐሰት ነው፤ ምንም ሳይነኩ ታቡን መዝጋት ይበቃል።