ኤድዋርድ ቦይድና አሥራ ሁለቱ ሻጮች

በዋሽንግተን ዳርቻ፥ አንዲት ያገራችን ሴት በምታስተዳድራት አነስተኛ ሱቅ ውስጥ፥ አንድ ወጣት የለስላሳ ሣጥን ከመኪና እያወረደ ሲያስገባ በዝምታ ይመለከቱ የነበሩ አንድ አረጋዊ ጥቁር አሜሪካዊ፥ ወጣቱ ከወጣ በኋላ ወደ ባለሱቋ ዘወር ብለው፥ «ልጄ፥ ሣጥኑን መሸከሙ ለእኛም ቢሆን ተፈቅዶልን ነበር፤ የከበደው ስለ ሣጥኑ ዋጋ ከባለፋብሪካው ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጡ ነው» አሏት። እርሷም ባገሯ ልማድ «ይቀመጡ አባባ» ብላ ወንበር ሳበችላቸው፤ እሳቸው ግን ከመቀመጥ ይልቅ ማውራቱን መረጡ። ዕድሜያቸውን በመጠጥ ሽያጭ ያሳለፉ ሰው ናቸውና፥ ወሬያቸው ሁሉ እየዞረ የሚመለሰው በዓይናቸው አይተውት ወደማያውቁት፥ ስሙን ግን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ወደሰሙት ወደ ኤድዋርድ ቦይድ ነበር። እኔም ስሙን ይዤ ወጣሁ።

ቦይድ በ1914 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በካሊፎርኒያ፥ በሪቨርሳይድ ከተማ ተወልዶ፥ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፥ በኒውዮርክ፥ ለጥቁሮች እኩል ዕድል የሚታገለው የናሽናል ኧርባን ሊግ ባልደረባ ሆኖ ሲሠራ ሳለ፥ የፔፕሲ ኮላ ፕሬዚዳንት ዋልተር ማክ በ1947 አስጠርቶ፥ ለጥቁሮች ገበያ የሚሠራ የሽያጭ ጓድ እንዲያቋቁም ሾመው። የማክ ቅን ልቡና ባይካድም ነገሩን ያንቀሳቀሰው ሒሳብ ነበረ። ፔፕሲ በአምስት ሳንቲም 12 አውንስ መጠጥ ሲሰጥ፥ ተቀናቃኙ ኮካ ኮላ በዚያው ዋጋ ከሰባት አውንስ ያነሰ ይሰጥ ስለ ነበር፥ ሳንቲሙን ቆጥሮ የሚገዛ ድኻ ሁሉ ወደ ፔፕሲ ያዘነብል ነበር፤ በ1950 ሕዝብ ሲቆጠር ጥቁር አሜሪካውያን ወደ 15 ሚሊዮን ደርሰው ነበርና፥ ይህን ያህል ጠጪ ንቆ የሚያልፍ ነጋዴ ነጋዴነቱ ያጠራጥራል። ቦይድ ይህን ሳይገነዘብ የገባበት አይመስለኝም፤ ሰብአዊነታቸውን አልቆጥር ያለው አገር ሳንቲማቸውን መቁጠር በጀመረበት ሰዓት፥ በዚያው በር ሰዎቹን አስገባ።

እነዚያ በኋላ አሥራ ሁለት የደረሱት ሻጮች፥ ቁጥራቸው ብቻ ሳይሆን ተልእኳቸውም ሐዋርያትን ያስታውሳል፤ ከከተማ ወደ ከተማ በባቡር ይዞሩ ነበርና። እዚህ ላይ ስለ ባቡሩ ጥቂት መናገር አለብኝ፤ ጥቁርና ነጭ ተለይተው ይሳፈሩበት የነበረውን የአሜሪካ ደቡብ ባቡር ያላወቀ የሥራቸውን ክብደት አያውቅም። ኤልመር ሄንደርሰን የተባለ ጥቁር የመንግሥት ሠራተኛ በ1942 ከዋሽንግተን ወደ አላባማ ሲጓዝ፥ ለጥቁሮች በቅድሚያ የተመደቡት ሁለት የዳር ጠረጴዛዎች በከፊል በነጮች ተይዘው ስላገኛቸው፥ ባዶ ወንበር እያለ፥ የምግቡ ፉርጎ ከባቡሩ እስኪፈታ ድረስ እራት ሳይቀርብለት ቀረ። ክስ ቢመሠርት የባቡሩ ኩባንያ «አሻሻልሁ» ብሎ ያወጣው አዲስ ደንብ፥ አሥር ጠረጴዛ ለነጮች፥ አንዲት ባለ አራት ወንበር ጠረጴዛ ለጥቁሮች፥ በመካከሉም መጋረጃ የሚል ነበረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ደንብ የሻረው ጁን 5 ቀን 1950 ነው፤ ስለዚህ የቦይድ ሰዎች ከዘመናቸው አብዛኛውን የተጓዙት መጋረጃው ሳይወርድ ነበር ማለት ነው። በብዙ ከተማም ጥቁርን የሚቀበል ሆቴል ስለማይገኝ ብዙ ጊዜ የሚያድሩት በወገኖቻቸው ቤት ነበር፤ የሐርለሙ ፖስተኛ ቪክቶር ግሪን ከ1936 ጀምሮ ያሳትመው የነበረውም አረንጓዴው መጽሐፍ የሚባለው የመንገደኞች መምሪያ፥ ጥቁር ሰው የት እንደሚያድርና የት እንደሚበላ የሚጠቁም ነበረ።

«እኔ በኋላ ነው የመጣሁት፤ መጋረጃውን አላየሁትም» አሉ አረጋዊው፤ «ነገር ግን ባለፋብሪካው ቢሮ ስገባ፥ እጄን ሳይጨብጥ አስቀድሞ የሚያየው ጫማዬን ነበር። ስለዚህ ጫማዬን በብሩሽ ሳይሆን በመሐረብ ነበር የምጠርገው፥ በሩ ላይ ቆሜ። ልብሴ ከርሱ ልብስ ቢበልጥ ጥጋበኛ፥ ቢያንስ ለማኝ ነኝ፤ ልክ እኩል መሆን ነበረበት። ይህን ማን አስተማረህ ብትለኝ፥ ከኔ በፊት የነበሩት።» ይህን አነጋገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ምናልባት ከመጻሕፍቱ ይልቅ አምኜዋለሁ።

ቦይድ ሻጮቹን የላካቸው ወደ ግሮሰሪ ብቻ ሳይሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ወደ ኮሌጅና ወደ ማኅበራት ስብሰባም ነበር፤ ጥቁሩ ሕዝብ መምህሩንና ሰባኪውን ያምን ነበርና። በጥቁሮች ጋዜጦች ላይ ያወጣቸው ማስታወቂያዎች ደግሞ፥ ጥቁርን እንደ አሽከር ወይም እንደ ቀልደኛ ብቻ መሳል በተለመደበት ዘመን፥ በየሙያቸው የከበሩ ጥቁሮችን ታሪክ በተከታታይ ያቀርቡ ነበር፤ በ1950 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለው ራልፍ በንች ከነዚህ አንዱ ነው። ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን በየሱቁ የተተከለው ሥዕል ነው፦ አንድ ሕፃን ልጅ እጁን ዘርግቶ ከጠረጴዛው ላይ ስድስት ጠርሙስ የያዘውን ካርቶን ሊያነሣ ሲንጠራራ፥ እናቱም በፈገግታ ስታየው። ያ ሕፃን፥ አባቱ በሐርለም የቴሬሳን ሆቴል ያስተዳድር የነበረው ሮን ብራውን ነው፤ በኋላ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ዘመን የንግድ ሚኒስትር ሆነ።

በ1949 በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል በተደረገው የፔፕሲ ባለፋብሪካዎች ጉባኤ፥ ዋልተር ማክ ንግግር ሲያደርግ፥ ፔፕሲ የጥቁሮች መጠጥ ተብሎ እንዳይታወቅ መጠንቀቅ እንደሚገባ ተናገረ፤ «ጥቁር» ለማለት የመረጠው ቃልም ጸያፉን ነበር። ያን ጊዜ በአዳራሹ የነበረው ቦይድ ተነሥቶ ወጣ። የመጠጡን ሣጥን በደቡብ በየመንደሩ ያስገባለት ሰው በሕዝብ ፊት ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው መነሣቱ፥ በዚያ አዳራሽ ከተነገሩት ንግግሮች ሁሉ የሚበልጥ ንግግር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሥራውን ግን አልተወም፤ ይህም ነው የከበደው።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ይህ ነው። ከኮካ ኮላ የመጣው አልፍሬድ ስቲል በ1950 የማክን ሥፍራ ያዘ፤ በ1951 ቦይድ ተሰናበተ፥ ጓዱም ተበተነ። በዚያው ዓመት ኮካ ኮላ ለጥቁሮች ገበያ ሞስ ኬንድሪክስን ቀጠረ፤ አንዱ የጣለውን ትምህርት ተቀናቃኙ አነሣው። በፔፕሲ የቀረው የቦይድ ምልምል ሃርቪ ራስል በ1962 ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆን፥ በአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን ማዕርግ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ተባለ፤ የነጮችን የበላይነት የሚሰብከው ኩ ክለክስ ክላንም መጠጡን ማንም እንዳይገዛ ቀሰቀሰ።

ዛሬ በሽያጭ ሹመት ላይ ስንት ጥቁር እንዳለ ብዬ የአንድ ትልቅ ኩባንያ የሕዝብ ግንኙነት ሹም ብጠይቅ፥ «ጥያቄዎን በጽሑፍ ይላኩልን» አለኝ፤ ላክሁለት፥ መልስ አልመጣም። አረጋዊውን ስነግራቸው ሣቁ፤ «እኔ እዚያ ሳለሁም በጽሑፍ ላክ ይሉኝ ነበር» አሉ።

ቦይድ ከፔፕሲ በኋላ በባሕር ማዶ ርዳታ ድርጅት አገልግሎ፥ በስተርጅናው በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር፥ በቤተል አልፓካ ያረባ ነበር። የሻጮቹ ታሪክ በስቴፋኒ ካፓሬል ተጽፎ በ2007 መጀመሪያ በመጽሐፍ ወጣ፤ እርሱም ከወራት በኋላ፥ ኤፕሪል 30 ቀን፥ በ92 ዓመቱ ዐረፈ።