ስለ ቴስት ውጤት አያያዝ፤ ተረትና እውነታ

በአርሊንግተን፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሶፍትዌር ፍተሻ ሙያ ሠልጥነው እንጀራቸውን የሚያገኙ ወገኖቻችን ጥቂቶች አይደሉም፤ ዳሩ ግን አውቶማቲክ ቴስት ለመጻፍ የሚደከመውን ያህል፣ ውጤቱ ተጠብቆ ለተመልካች ስለሚቀርብበት ሥርዓት ስለማይታሰብ፣ በልማድ የተወረሱ ተረቶች እንደ እውነት ሲነገሩ ይሰማሉ።

ተረት፦ ቢልዱ አረንጓዴ ከሆነ ሌላ መዝገብ አያሻም።

እውነታ፦ አረንጓዴው ምልክት የሚመሰክረው ትእዛዙ ያለ ስሕተት መፈጸሙን እንጂ ምን ምን እንደ ተፈተሸ አይደለም። በጄዩኒት ስም የሚታወቀው የኤክስኤምኤል ፋይል ግን የእያንዳንዱን ቴስት ስም፣ የፈጀውን ሰኮንድ፣ የወደቀበትን ምክንያትና የተዘለለ መሆኑን ለየብቻ ስለሚመዘግብ፣ ትናንት 412 የነበሩት ቴስቶች ዛሬ 398 ሆነው ቢገኙ፣ ቢልዱ አረንጓዴ እንደ ሆነ ጉድለቱ ይገለጣል።

ተረት፦ ቴስት ሲወድቅ ውጤቱ በራሱ ይቀመጣል።

እውነታ፦ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚህ ነው። በጊትሃብ አክሽንስ አንድ እርምጃ ሲወድቅ ተከታዮቹ፣ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጣቸው በቀር፣ ይዘለላሉ፤ ስለዚህ ሪፖርቱን የሚጭነው እርምጃ ከቴስቱ በታች እንዲያው ከተጻፈ፣ ሁሉ በሰላም ባለፈ ቀን በትጋት ይሠራል፣ ምስክርነቱ እጅግ በሚፈለግበት በውድቀት ቀን ግን ዝም ይላል፤ ጊትሃብ ያዋሰው ማሽንም ሥራው እንዳበቃ ፋይሉን ይዞ ይጠፋል። መድኃኒቱ በዚያው እርምጃ ላይ «ኢፍ ኦልዌይስ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ መጻፍ ነው፤ በጄንኪንስም የጄዩኒቱ ትእዛዝ በ«ፖስት» ክፍል «ኦልዌይስ» ከሚለው ሥር ይገባል።

ተረት፦ አንዴ የተቀመጠ ሪፖርት ለዘለዓለም ይኖራል።

እውነታ፦ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል ለብራና እንጂ ለፓይፕላይን አልተነገረም። የአማዞን ኮድቢልድ የቴስት ሪፖርት ከተፈጠረ በ30 ቀን ጊዜው ያልፍበታል፤ በጊትሃብ የሚጫን ፋይልም፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ፣ ዕድሜው 90 ቀን ነው። ለደንበኛ ወይም ለኦዲተር ማስረጃ የሚሆነውን እንደ ኤስ ስሪ ወዳለ ቋሚ ማከማቻ በጊዜው ማዛወር ይገባል።

ተረት፦ ተደግሞ ካለፈ የመጀመሪያው ውድቀት ይሰረዝ።

እውነታ፦ ኮዱ ሳይለወጥ አንድ ጊዜ ወድቆ አንድ ጊዜ የሚያልፍ፣ ባለሙያዎች «ፍሌኪ» የሚሉት ቴስት የሚታወቀው፣ የሁለቱም ሙከራ ውጤት ጎን ለጎን ሲታይ ብቻ ነው፤ የኋለኛውን ብቻ የያዘ መዝገብ ሕመሙን ይሸሽጋል።

እንግዲህ ሥርዓቱን የዘረጋ ባለሙያ፣ በራሱ ብራንች ላይ ከቴስቶቹ አንዱ ሆን ብሎ እንዲወድቅ ያድርግ፤ ቢልዱ ቀይ ሆኖ ሪፖርቱ ከወጣ ሥራው ቀንቶለታል፣ ካልወጣም ጉድለቱን ደንበኛ ሳያውቅበት ያርመዋል።