ትእዛዝና ምላሽ፤ ኮምፒዩተር ከቤተ ሙከራ መሣሪያ ጋር እንዴት ይግባባል?

የቤተ ሙከራ መሣሪያን ከሩቅ ማዘዝ ማለት፣ አዝራር በእጅ መጫንን ትቶ መሣሪያው ሊሠራ የሚገባውን ከኮምፒዩተር በጽሑፍ መላክ ነው። ሆኖም የትእዛዝ መላክና የትእዛዝ መፈጸም ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ልዩነቱ ሳይጤን ሲቀር የሚደርሰውን በካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመልክቻለሁ።

ተማሪዎቹ የኦምን ሕግ በተግባር ይፈትሹ ነበር። የኃይል ምንጩ 5 ቮልት እንዲሰጥ ታዘዘ፤ በባለ 100 ኦም ሬዚስተር ውስጥ ያለፈው ኩረንት ግን 30 ሚሊአምፔር ሆኖ ተለካ። 5ን ለ0.03 ሲያካፍሉ 167 ኦም ገደማ ደረሰባቸው። ሬዚስተሩ ተለወጠ፤ ውጤቱ ግን ያው ነበር። አንድ ተማሪ ሕጉ የሚሠራው በመጽሐፍ ላይ ብቻ ነው ብሎ እስከ መናገር ደረሰ። ኋላ እንደ ተረዳነው፣ በትእዛዙ ላይ «ቮልት» በሚለው ፈንታ «ቮልትስ» ተጽፎ ኖሯል። መሣሪያው ቃሉን ስላላወቀው ከቀድሞው ሙከራ በተረፈው 3 ቮልት ላይ ቆይቷል። የመሣሪያውን ገጽ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።

የዚህ አሠራር መነሻ ሂውሌት ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1975 አይ ትሪፕል ኢ 488 በሚል ስም መመዘኛ ሆኖ የወጣው የጋራ መስመር ነው። ኮምፒዩተሩ ተቆጥሮ እስከ 15 መሣሪያዎች በአንድ መስመር ይያያዙበታል። በ1987 የሁኔታ አገላለጹ ወጥ ሆነ፤ በ1990 ደግሞ ኤስሲፒአይ የተባለው ስምምነት የትእዛዝ ቃላቱን አቀራረበ። ዛሬ መልእክቱ በዩኤስቢ ወይም በኔትወርክ ቢተላለፍም ቃላቱ በአብዛኛው እነዚያው ናቸው።

መሣሪያዎቹ ትኩረት የሚጠይቁበትን መንገድ በቂርቆስ በሚኒባስ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። ከኋላ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ማን እንደ ሆነ ግን አይለይም። ስለዚህ ረዳቱ ዞር ብሎ በየመቀመጫው ይጠይቃል። በጋራ መስመሩም ላይ የአገልግሎት ጥያቄ የሚተላለፍበት ሽቦ አንድ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ መሣሪያዎቹን በየተራ ሲጠይቅ እያንዳንዱ ስምንት ቢት ያለው የሁኔታ ቁጥር ይመልሳል፤ 64 ዋጋ ያለው ቢት የበራበት መሣሪያ ጠሪው እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚጣራው በየትኛው ምክንያት እንዲጣራ አስቀድሞ ከተፈቀደለት ብቻ ነው። ካልተፈቀደለት ስህተቱን መዝግቦ ዝም ይላል፤ ዝምታው ሥራው ተሠርቷል ማለት አይደለም። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የስህተት መዝገቡን ስንጠይቅ፣ ትእዛዙ ያልታወቀ መሆኑን የሚገልጸው ‑113 ቁጥር ተቀምጦ አገኘነው። የክስተት መዝገቡ ቢጠየቅ ደግሞ የትእዛዝ ስህተትን የሚያመለክተው 32 ዋጋ ያለው ቢት በርቶ ይገኝ ነበር።

በዚሁ የክስተት መዝገብ ውስጥ ለአገራችን ቤተ ሙከራዎች በተለይ የሚጠቅም አንድ ቢት አለ፤ ዋጋው 128 ሲሆን መሣሪያው ጠፍቶ እንደገና መብራቱን ያስታውቃል። መብራት ለአፍታ ሄዶ ሲመለስ በባትሪ የሚሠራው ላፕቶፕ ምንም አይሰማውም፤ የኃይል ምንጩ ግን የታዘዘውን ትቶ ወደ መነሻው ሊመለስ ይችላል። መምህሩ ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ መዝገቡን ቢጠይቅና መልሱን ከንባቡ ጎን ቢያስጽፍ ይህ አያመልጠውም። መዝገቡ አንዴ ሲነበብ ስለሚጸዳ፣ ሁለተኛው ጥያቄ 0 ይመልሳል፤ መጻፍ ያለበት የመጀመሪያው መልስ ነው።